ወደ ፕሪሚየር ሊግ ማደግና በዚያ መሰንበት፦ ለይፋት ቆላ ከተሞች የሚሆን ትምህርት

ከ2014 እስከ 2016 ዓ.ም በነበሩት ሦስት ተከታታይ የውድድር ዘመናት ዘጠኝ ክለቦች ከከፍተኛ ሊግ ወደ ኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ አድገው ተጫውተዋል። ከእነዚህ መካከል አምስቱ በዋናነት በአስተዳደር በጀት የሚንቀሳቀሱ የከተማ ክለቦች ሲሆኑ፣ አምስቱም በሁለት ዓመት ጊዜ ውስጥ ተመልሰው ወርደዋል። የቀሩት አራቱ በመንግሥታዊ ተቋማት ሥር የሚገኙ ናቸው፤ ከእነርሱ መካከል የወረደው አንዱ ብቻ ነው። ሁለቱ ደግሞ የሊጉን ዋንጫ እስከማንሣት ደርሰዋል።

ይህ አኃዝ ለስፖርት ቤተሰቡ ብቻ የሚተው አይደለም። ክለብ ማቋቋም፣ ለክለብ በጀት መመደብና የተጫዋች ደመወዝ መክፈል በየከተማው ምክር ቤትና በየካቢኔው የሚወሰን የመንግሥት ሥራ ከሆነ ቆይቷል። በመሆኑም አንድ ክለብ ባደገበት የመጀመሪያ ዓመት የሚገጥመውን ፈተና መመርመር የሕዝብ ገንዘብ የት እንደሚውል መመርመር ጭምር ነው።

ጥያቄው ገና ወደ ላይኛው ሊግ ላልደረሱ ከተሞች ይበልጥ ይመለከታል። ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ የጣርማ በርን ዳገት አልፈው ደብረ ሲና ላይ ሲወርዱ በሚያገኙት የይፋት ቆላ ላይ የምትገኘው ሸዋ ሮቢት ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናት። በዚሁ አውራ ጎዳና ወደ ሰሜን ሲዘልቁ አጣዬ፣ ካራቆሬ፣ ከሚሴ፣ ኮምቦልቻና ደሴ ይገኛሉ፤ ጉዞው ሲቀጥል የሚደረሰው ሁለት ጊዜ ወደ ፕሪሚየር ሊግ አድጋ ሁለቱንም ጊዜ ከወረደችው ወልድያ ነው። ከይፋት ቆላ ከተሞች እስካሁን ወደ ፕሪሚየር ሊግ ያደገ ክለብ የለም። ይህ እንደ ጉድለት ሊታይ ይችላል። በሌላ በኩል ግን ከሌሎች ልምድ ተምሮ መጀመር የሚያስችል ዕድል ነው።

የእንግሊዝ ሊግ የሚያሳየው

በሸዋ ሮቢትም ሆነ በሌሎች የአገራችን ከተሞች ቅዳሜና እሑድ በየዲኤስቲቪ ቤቱ የሚሰበሰበው ወጣት ስለ እንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ያለው ዕውቀት ሰፊ ነው። አዲስ አዳጊ ክለብ ምን እንደሚገጥመውም ከዚያ ተመልክቷል። እ.ኤ.አ. በ2023/24 የውድድር ዘመን ያደጉት ሉተን ታውን፣ በርንሌይና ሼፊልድ ዩናይትድ ሦስቱም በዚያው ዓመት ወርደዋል። እንዲህ ያለ ነገር ሲከሰት እ.ኤ.አ. ከ1997/98 ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ሌስተር ሲቲ፣ ኢፕስዊች ታውንና ሳውዝሃምፕተን በተመሳሳይ ሁኔታ ሦስቱም ወርደዋል። ሳውዝሃምፕተን በ38 ጨዋታዎች ያገኘው 12 ነጥብ ብቻ ሲሆን፣ ደርቢ ካውንቲ እ.ኤ.አ. በ2007/08 ካስመዘገበው የ11 ነጥብ ዝቅተኛ ክብረ ወሰን ያመለጠው በአንድ ነጥብ ነው።

ከእነዚህ መካከል የሉተን ታውን ጉዞ የተለየ ትኩረት የሚሻ ነው። ክለቡ እ.ኤ.አ. እስከ 2014 ድረስ በአምስተኛው እርከን ሲጫወት የነበረ ሲሆን፣ ከ31 ዓመታት በኋላ ወደ ላይኛው ሊግ የተመለሰው 12 ሺህ ገደማ ተመልካች ብቻ በሚይዝ አሮጌ ሜዳ ነበር። በ26 ነጥብ 18ኛ ሆኖ ወረደ። በተከታዩ ዓመትም እንደገና ወርዶ ሦስተኛው እርከን ላይ ደረሰ። ይሁን እንጂ ክለቡ አልፈረሰም፤ በላይኛው ሊግ ባሳለፈው አንድ ዓመት ብቻ ከቴሌቪዥን መብት ከ100 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ገቢ አግኝቷል።

የእንግሊዝ ሊግ ለሚወርዱ ክለቦች የመውደቂያ ድጋፍ የሚሰጥበት ሥርዓትም አለው። አንድ ክለብ ሲወርድ በመጀመሪያው ዓመት ለእያንዳንዱ ክለብ እኩል ከሚከፋፈለው የቴሌቪዥን ገቢ 55 በመቶውን፣ በሁለተኛው ዓመት 45 በመቶውን ያገኛል። በላይኛው ሊግ ከአንድ ዓመት በላይ የቆየ ከሆነ ደግሞ በሦስተኛው ዓመት 20 በመቶ ይታከልለታል። የዚህ ሥርዓት ዓላማ ግልጽ ነው፤ ክለቡ በላይኛው ሊግ ሳለ የገባውን የደመወዝ ውል ሳይፈርስ እንዲወጣው ማድረግ ነው።

ገንዘብ በብዛት ማፍሰስም ቢሆን ገደብ ተበጅቶለታል። እ.ኤ.አ. በ2022 ያደገው ኖቲንግሃም ፎረስት በአንድ ክረምት ከ20 በላይ ተጫዋቾችን አስፈርሞ በሊጉ መቆየት ችሏል፤ ነገር ግን የተፈቀደውን የኪሳራ ጣሪያ በማለፉ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 አራት ነጥብ ተቀንሶበታል። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2021 ከ74 ዓመታት በኋላ ወደ ላይኛው ሊግ የተመለሰው ብሬንትፎርድ በመጀመሪያው ዓመት 13ኛ ሆኖ ጨርሷል። ይህ ክለብ የታወቀው ውድ ተጫዋች በመግዛት ሳይሆን ያልታወቀን ተጫዋች በጥናት መርጦ በማሳደግ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት መታወስ አለበት። የእንግሊዝ ክለብ ሲያድግ የሚጠብቀው ገቢ ነው፤ የእኛ ክለብ ሲያድግ ግን በቅድሚያ የሚጠብቀው ወጪ ነው። በአገራችን ለሚወርድ ክለብ የተዘጋጀ የመውደቂያ ድጋፍ የለም። ክለቡ ሲወርድ ያልተከፈለው ደመወዝ፣ ያልተጠናቀቀው ውልና የተከማቸው ዕዳ የሚቀረው በባለቤቱ ማለትም በከተማው አስተዳደር ትከሻ ላይ ነው።

ጅማ አባ ጅፋር፦ ከዋንጫ እስከ መውረድ

በአገራችን አዲስ አዳጊ ክለብ ሊደርስበት የሚችለውን ከፍተኛ ደረጃ ያሳየው ጅማ አባ ጅፋር ነው። ክለቡ በ2009 ዓ.ም ማብቂያ ከመቐለና ከወልዋሎ አዲግራት ጋር ወደ ፕሪሚየር ሊግ አድጎ፣ በአሠልጣኝ ገብረመድኅን ኃይሌ እየተመራ በመጀመሪያው የውድድር ዘመኑ በ2010 ዓ.ም ሻምፒዮን ሆኗል። በሊጉ ታሪክ ብዙ ዋንጫ ያነሣው ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጥብ እኩል ቢሆንም ጅማ በግብ ልዩነት ቀድሞታል። የክለቡ ናይጄሪያዊ አጥቂ ኦኪኪ አፎላቢም የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ ሆኗል። በተከታዩ ዓመት ክለቡ በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ከግብፁ አል አህሊ ጋር ተገናኝቶ በአገሩ ባደረገው ጨዋታ 1 ለ 0 ማሸነፉ ይታወሳል፤ ከውድድሩ የወጣውም በድምር ውጤት 2 ለ 1 ተሸንፎ ነበር።

ከዚህ በኋላ የሆነው ለበጀት ባለሥልጣናት ከዋንጫው ይልቅ ጠቃሚ ነው። አሠልጣኙ ወደ መቐለ ሄዶ በ2011 ዓ.ም እዚያም ሻምፒዮን ሆነ። በጅማ ግን የተጫዋቾች ደመወዝ ባለመከፈሉ የተነሣ አቤቱታ በተደጋጋሚ ሲሰማ ቆየ። ክለቡ የ2013 ዓ.ም ውድድርን በወራጅ ቀጣና አጠናቆ የተረፈው በማሟያ ውድድር ነበር። በ2014 ዓ.ም ግን ከሰበታ ከተማና ከአዲስ አበባ ከተማ ጋር ወረደ። ከዋንጫ እስከ መውረድ የፈጀው አራት ዓመት ብቻ ነው።

የጅማ ምሳሌ የሚያስረዳው አንድ ክለብ ጥሩ አሠልጣኝና ጥሩ አጥቂ አግኝቶ በአንድ ዓመት ውስጥ ዋንጫ ሊያነሣ እንደሚችል ነው። ሰዎቹ ሲሄዱ የሚቀር ተቋም ከሌለ ግን ውጤቱም አብሮ ይሄዳል። ዋንጫው የክለቡን ስም አስጠርቷል፤ የክለቡን የገቢ ምንጭ ግን አልለወጠውም።

የዘጠኙ ክለቦች ሚዛን

በመግቢያው የተጠቀሱትን ዘጠኝ ክለቦች በዝርዝር መመልከት ነገሩን ይበልጥ ግልጽ ያደርገዋል። በ2014 ዓ.ም የተጫወቱት አዲስ አዳጊዎች አዲስ አበባ ከተማ፣ አርባ ምንጭ ከተማና መከላከያ ነበሩ። አዲስ አበባ ከተማ በዚያው ዓመት፣ አርባ ምንጭ በተከታዩ ዓመት ወረዱ። መከላከያ ግን መቻል ወደሚለው የቀድሞ ስሙ ተመልሶ በ2016 ዓ.ም ሁለተኛ ሆኖ እስከመጨረስ ደርሷል።

በ2015 ዓ.ም ኢትዮጵያ መድን፣ ኢትዮ ኤሌክትሪክና ለገጣፎ ለገዳዲ አድገው ተጫውተዋል። ሁለቱ በዚያው ዓመት ሲወርዱ፣ መድን ቆይቶ በ2017 ዓ.ም ሻምፒዮን ሆኗል። በ2016 ዓ.ም ደግሞ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ ሻሸመኔ ከተማና ሐምበሪቾ ዱራሜ ተራቸው ደረሰ። ሻሸመኔና ሐምበሪቾ በመጣቸው ዓመት ወረዱ። በ2009 ዓ.ም ወርዶ የነበረው ንግድ ባንክ ግን ባደገበት ዓመት ዋንጫውን አነሣ። ይኸው ሻምፒዮን በተከታዩ ዓመት በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ በታንዛኒያው ያንግ አፍሪካንስ በድምሩ 7 ለ 0 ተሸንፎ መውጣቱ ግን በአገር ውስጥ ማሸነፍና በአህጉር ደረጃ መወዳደር የተለያዩ መሆናቸውን ያመለክታል።

ከዚህ ዝርዝር በመነሣት የባንክ ወይም የመድን ድርጅት ገንዘብ ስላለው ብቻ ያሸንፋል ብሎ መደምደም ስሕተት ይሆናል። ኢትዮ ኤሌክትሪክም ትልቅ ተቋም ከኋላው እያለ ወርዷል። ተቋማቱን ከከተሞች የሚለያቸው ዋናው ነገር በጀታቸው አስቀድሞ የሚታወቅ መሆኑ ነው። ደመወዝ በወሩ ይከፈላል፤ ውል የሚገባው ለአንድ ዓመት ብቻ አይሆንም፤ የክለቡ ኃላፊ በከንቲባ ለውጥ ምክንያት አይነሣም። የከተማ ክለብ በአንጻሩ ለመንገድ፣ ለውኃና ለትምህርት ቤት ከሚያስፈልገው ገንዘብ ጋር እየተሻማ የሚኖር ነው። በበጀት ዓመቱ አጋማሽ የክለቡ ገንዘብ ሲያልቅ ተጨማሪ በጀት ይጠየቃል፤ ተጨማሪ በጀት ሲዘገይ ልምምድ ይቆማል፤ ልምምድ ሲቆም ነጥብ ይጣላል።

የክልሉ ልምድ፦ ጎንደር፣ ባሕር ዳርና ወልድያ

የከተማ ክለብ በላይኛው ሊግ ሊሰነብት አይችልም ማለት ግን አይደለም። የአማራ ክልል ራሱ ሁለት ተቃራኒ ምሳሌዎች አሉት። ፋሲል ከነማ በ2008 ዓ.ም ማብቂያ ወደ ፕሪሚየር ሊግ ሲያድግ፣ በዚያው ዓመት የጎንደሩ ዳሸን ቢራ ክለብ መውረዱ ይታወሳል። ፋሲል ከተማው የነበረውን ደጋፊ ይዞ ቆየ፤ የቢራ ፋብሪካው ድጋፍም አልተለየውም። በ2011 ዓ.ም እስከ መጨረሻው ሳምንት ለሊጉ ዋንጫ ከመፎካከሩም በላይ የኢትዮጵያ ዋንጫን አነሣ። በ2013 ዓ.ም ደግሞ በአሠልጣኝ ሥዩም ከበደ እየተመራ የፕሪሚየር ሊጉ ሻምፒዮን ሆነ። ካደገበት ጊዜ አንሥቶ እስከ ዋንጫው አምስት የውድድር ዘመናት ወስዷል።

ባሕር ዳር ከነማም በ2010 ዓ.ም ማብቂያ በአሠልጣኝ ጳውሎስ ጌታቸው መሪነት አድጎ፣ በ2015 ዓ.ም ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቀጥሎ ሁለተኛ ሆኖ አጠናቋል። በተከታዩ ዓመትም በአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ የታንዛኒያውን አዛምን በመለያ ምት ጥሎ አልፏል። ሁለቱም ክለቦች ካደጉ ወዲህ እስከ 2017 ዓ.ም ድረስ ሳይወርዱ ቆይተዋል። ሁለቱ ከተሞች በሕዝብ ብዛትም ሆነ በንግድ እንቅስቃሴ በክልሉ ትልልቆቹ መሆናቸው ረድቷቸዋል። ይሁን እንጂ ትልቅ ከተማ መሆን ብቻውን በቂ ቢሆን ኖሮ አዲስ አበባ ከተማ በአንድ ዓመት ባልወረደ ነበር።

የወልድያ ታሪክ ለይፋት ከተሞች ከሁሉም ይበልጥ ይቀርባል። ወልድያ በመጠንም ሆነ በአውራ ጎዳና ላይ በመገኘት ሸዋ ሮቢትንና አጣዬን ከጎንደር ይልቅ ትመስላለች። ክለቡ ለመጀመሪያ ጊዜ አድጎ በ2007 ዓ.ም የተጫወተ ሲሆን በዚያው ዓመት ከሙገር ሲሚንቶ ጋር ወረደ። በ2008 ዓ.ም ማብቂያ እንደገና አደገ። በጥር 2009 ዓ.ም ደግሞ በሼክ መሐመድ ሁሴን አል አሙዲ ስም የተሰየመውና ከ25 ሺህ በላይ ተመልካች የሚይዘው ስታዲየም በከተማዋ ተመረቀ። ክለቡ በዚያ ዓመት በሊጉ ቆየ። በ2010 ዓ.ም ግን ከሜዳ ውጪ በተነሣ ግጭት የታወከ የውድድር ዘመን አሳልፎ ከአርባ ምንጭና ከኤሌክትሪክ ጋር ወረደ። ከዚያ ወዲህ ወደ ፕሪሚየር ሊጉ አልተመለሰም።

ስታዲየሙ ዛሬም በከተማዋ አለ። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ሁለት ገጽ አለው። አንደኛው፣ ክለብ ቢወርድም የተሠራ ሜዳ ለትውልድ ይቀራል የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ሜዳ ብቻውን ክለብን አያቆይም የሚል ነው። ለተጫዋች ደመወዝ የወጣ ገንዘብ በዓመቱ ሲያልቅ፣ ለሜዳ የወጣ ገንዘብ ሃያና ሠላሳ ዓመት ያገለግላል። ሜዳውን የሚሞላው የታዳጊዎች ሥልጠና ከሌለ ግን እርሱም ሣር ሆኖ ይቀራል።

ቤቱ የማይጫወት ክለብ

አንድ ከተማ ለክለቡ በጀት ሲመድብ ከሚያቀርባቸው ምክንያቶች መካከል የከተማዋ ኢኮኖሚ መነቃቃት ዋነኛው ነው። እንግዳ ይመጣል፣ ሆቴሎች ይሞላሉ፣ ትኬት ይሸጣል ይባላል። ይህ ምክንያት ከ2013 ዓ.ም ወዲህ ጉልበቱ ቀንሷል። የቴሌቪዥን ሥርጭት መብቱ ለአምስት ዓመት ለመልቲቾይስ በተሸጠበት በዚያ ዓመት ጨዋታዎቹ በተመረጡ ከተሞች መካሄድ ጀመሩ። በመጀመሪያው ዓመት የተመረጡት አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ ነበሩ።

አሠራሩ ለቴሌቪዥን ቀረጻና ለጸጥታ ያለው ጥቅም አይካድም። ለአዲስ አዳጊ የከተማ ክለብ ግን ያለው ትርጉም ከባድ ነው። ክለቡ በሜዳው አይጫወትም፤ ስለዚህ አዲስ አዳጊን ብዙ ጊዜ የሚታደገው የደጋፊ ድምፅ አይኖርም። የትኬት ገቢም አይኖርም። በምትኩ ቡድኑ ለሳምንታት በሌላ ከተማ ሆቴል ይቀመጣል፤ የአልጋ፣ የምግብና የትራንስፖርት ወጪው ከከተማው ካዝና ይወጣል። የከተማው ነዋሪ በግብሩ የሚያስተዳድረውን ክለብ የሚያየው፣ የእንግሊዝን ክለቦች እንደሚያይ ሁሉ፣ በቴሌቪዥን ነው። ሆቴሎቹ የሚሞሉትም የሌላው ከተማ ናቸው።

የተጫዋቾች ክፍያም ሌላው ሸክም ነው። በነሐሴ 2011 ዓ.ም ክለቦችና የእግር ኳስ ፌዴሬሽኑ የአንድ ተጫዋች ከፍተኛ ወርኃዊ ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ተስማምተው ነበር። ውሳኔው ችግሩ በዘርፉ ባለቤቶች ዘንድ መታወቁን ያሳያል፤ አፈጻጸሙ ግን ሲያከራክር ቆይቷል። ጣሪያው ቢከበር እንኳ፣ 25 ተጫዋቾች የያዘ ቡድን ለሁሉም በጣሪያው ልክ ቢከፍል በዓመት 15 ሚሊዮን ብር ያስፈልገው ነበር። ይህ የአሠልጣኞችን ደመወዝ፣ ሆቴሉንና ጉዞውን ሳይጨምር ነው።

ሸዋ ሮቢትና የይፋት ቆላ ምን ይበጃቸዋል?

ይፋት ቆላ የራሱ ሀብት ያለው አካባቢ ነው። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1 ሺህ 300 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ሞቃት ከተማ ስትሆን፣ ዙሪያዋ በመስኖ በሚለማ ሽንኩርትና ቲማቲም፣ በማሽላ፣ በማሾና በትምባሆ ይታወቃል። የአካባቢው አርሶ አደር የመስኖ ቦይ ሳይጠርግ ዘር አይዘራም። ለእግር ኳስም ይኸው ሥርዓት ይሠራል፤ ቦዩ የታዳጊዎች ሥልጠና ነው።

አካባቢው በቅርብ ዓመታት ከባድ ፈተና ያሳለፈ መሆኑም መዘንጋት የለበትም። በ2013 ዓ.ም የጸደይ ወራት አጣዬና አካባቢዋ በግጭት ከፍተኛ ውድመት ደርሶባቸዋል። በኅዳር 2014 ዓ.ም ደግሞ ጦርነቱ እስከ ሸዋ ሮቢት ዘልቆ ነበር። ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ የተከሰተው የጸጥታ ችግርም በልማት ሥራ ላይ ጫና አሳድሯል። የተቃጠለ ቤት፣ የተዘረፈ ጤና ጣቢያና የተጎዳ ትምህርት ቤት መልሶ መገንባት ያለበት አስተዳደር ለአንድ የውድድር ዘመን ተጫዋች ለማስፈረም ሚሊዮኖችን ሲያወጣ ነዋሪው የሚያነሣው ጥያቄ ተገቢ ነው።

በሌላ በኩል በአንዳንድ ኃላፊዎች ዘንድ የሚነሣ ክብደት ያለው መከራከሪያ አለ። ክለብ የከተማ መጠሪያ ነው፤ ወጣቱን ከሱስና ከሥራ ፈትነት ይመልሳል፤ በግጭት የተራራቀን ሕዝብ ያቀራርባል ይባላል። መከራከሪያው እውነትነት አለው። ነገር ግን ይህን ጥቅም የሚያስገኘው ከየክልሉ ተሰባስበው ለአሥር ወር የሚፈርሙ ተጫዋቾች በሌላ ከተማ የሚያደርጉት ጨዋታ አይደለም። ጥቅሙ የሚገኘው የሸዋ ሮቢት ልጅ ከአጣዬ ልጅ፣ የካራቆሬ ልጅ ከሰንበቴና ከከሚሴ ልጅ ጋር በየሳምንቱ ሲጫወት ነው። የሰሜን ሸዋና የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞኖች ስፖርት መምሪያዎች በጋራ የሚመሩት ቋሚ የታዳጊዎች ውድድር ቢቋቋም፣ ወጪው የአንድ ፕሪሚየር ሊግ ቡድን ዓመታዊ ወጪ ጥቂት እጅ ብቻ ይሆናል። ለአማራው፣ ለኦሮሞውና ለአርጎባው ማኅበረሰብ የሚሰጠው ጥቅም ግን ከዚያ የላቀ ነው።

በዚሁ መሥመር ላይ የሚገኙት የደብረ ብርሃን፣ የኮምቦልቻና የደሴ ከተሞች ክለቦች በከፍተኛ ሊግ ሲሳተፉ ቆይተዋል። ይፋት ቆላ ለእነዚህ ክለቦችና ከዚያም በላይ ላሉት ተጫዋች የሚያፈልቅ አካባቢ መሆን ይችላል። ይህ ደረጃ ማነስ አይደለም። ከታዳጊ ቡድኑ ያፈራውን ተጫዋች በውል ለሌላ ክለብ የሚያዛውር የከተማ ክለብ ከካዝና መጠየቅ ትቶ ለራሱ ገቢ ማስገባት ይጀምራል።

ሊተኮርባቸው የሚገቡ ነጥቦች

ከላይ ከቀረቡት ልምዶች በመነሣት የየከተሞቹ ምክር ቤቶች፣ ከንቲባዎችና የስፖርት ጽሕፈት ቤቶች ክለብ ከማሳደጋቸው በፊት አምስት ጉዳዮችን መመልከት ይኖርባቸዋል።

በመጀመሪያ፣ ክለቡ ከአስተዳደሩ የተለየ ሕጋዊ ሰውነት፣ የራሱ ቦርድና በየዓመቱ ኦዲት የሚደረግ ሒሳብ ሊኖረው ይገባል። ከንቲባ ሲለወጥ የክለቡ አመራር አብሮ የሚለወጥ ከሆነ የሦስት ዓመት ዕቅድ ሊኖር አይችልም።

ሁለተኛ፣ ምክር ቤቱ የማደጊያ በጀት ሲያጸድቅ የመውረጃ በጀትም አብሮ ማጽደቅ አለበት። ከፕሪሚየር ሊግ የሚወርድ ክለብ የመውደቂያ ድጋፍ ስለማያገኝ፣ የተጫዋቾች ውል ክለቡ ቢወርድ ደመወዙ የሚቀንስበትን አንቀጽ የያዘ እንዲሆን ማድረግ ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፣ ከክለቡ ጠቅላላ በጀት ተለይቶ የሚታወቅ ድርሻ ለታዳጊ ቡድኖችና ለሜዳ ጥገና መዋል አለበት። ይህ ድርሻ ዋናው ቡድን ችግር ሲገጥመው የማይነካ ሊሆን ይገባል።

አራተኛ፣ ገቢው ከአንድ ምንጭ መላቀቅ አለበት። የፋሲል ከነማ ልምድ እንደሚያሳየው የንግድ ድርጅት አጋርነትና የተደራጀ ደጋፊ ክለብን ያቆያሉ። በይፋት ቆላ የሚገኙ የገበሬ ኅብረት ሥራ ማኅበራት፣ የአትክልት ነጋዴዎችና የትራንስፖርት ባለንብረቶች በአባልነት የሚሳተፉበት መንገድ ሊታሰብበት ይገባል።

በመጨረሻም፣ ያልተከፈለ ደመወዝ እያለ አዲስ ተጫዋች እንዳይፈርም የሚከለክል የውስጥ ደንብ ያስፈልጋል። የጅማ ልምድ እንደሚያስተምረው ዋንጫ ያነሣን ክለብ ሳይቀር የሚያወርደው ዕዳ ነው።

የፕሪሚየር ሊግ አክሲዮን ማኅበሩና ፌዴሬሽኑም የራሳቸው ድርሻ አለባቸው። ከሥርጭት ገቢ ጥቂቱ ለሚወርዱ ክለቦች መደገፊያ ቢውል፣ አዲስ አዳጊዎችም ቢያንስ የተወሰኑ ጨዋታዎችን በከተማቸው የሚያደርጉበት መንገድ ቢመቻች፣ የከተማ ክለቦች በላይኛው ሊግ የሚሰነብቱበት ዕድል ይሰፋል።

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚለው የአበው ብሂል ለእነዚህ ከተሞች ጥሩ ማስጠንቀቂያ ነው። ወደ ፕሪሚየር ሊግ የሚወስደው መንገድ ለሸዋ ሮቢትም ሆነ ለአጣዬ ዝግ አይደለም። ፋሲል ካደገ በኋላ ዋንጫ ላይ ለመድረስ አምስት የውድድር ዘመናት ፈጅቶበታል፤ ከታች የሚጀምር የቆላ ከተማ ክለብ ደግሞ ከዚያም የረዘመ ጊዜ ቢፈጅበት የሚያስደንቅ አይሆንም። ያን ያህል መታገሥ የሚችል ምክር ቤት የመጀመሪያውን ብር ማውጣት የሚኖርበት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ በሚሮጥበት ሜዳ ላይ ነው።